በጠዋት አንድ ጣሳ

ባለፈው ሳምንት ምስር ጥጄ ከጎረቤቴ ጋር በር ላይ ቆሜ ሳወራ ከማድቤት «ቸስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ቸስ»። ገብቼ ሳይ ትልቁ ድስቴ ቂጡ ተበስቶ ከሰሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሌላ ሴት ብትሆን ረግማ ለቆራሌው ትሰጠው ነበር። እኔ ግን ምስሩን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጥኩና ድስቱን አጥቤ፣ ውስጡን በውኃ ሞልቼ፣ ውጩን በጨርቅ አድርቄ፣ በጡቦች ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩትና ከሥሩ ተኛሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በማድቤት ወለል ላይ፣ በጀርባዬ። ጎረቤቴ ያመመኝ መስሏት ውኃ ልታመጣልኝ ሮጣ ነበር። ጠብታዋ የምትወጣበትን ቦታ ሳገኝ የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥቼ ዙሪያዋን ከበብኳት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ለሌላው ሰው የጥፍር ቀለም የሠርግ ሽታ ይሆናል። ለእኔ የጀልባ ሽታ ነው። ምን አገናኛቸው ትሉኝ እንደሆነ ልንገራችሁ።

የእኛ ሚሊኒየም ሊከበር ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ሃያ ዓመቴ ላይ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሄድኩና ሄሮን በሚባለው ባሕር ዳር ሰፈር እዚያው እያደርኩ የምሠራበት ቤት ተቀጠርኩ። የቤቱ ባለቤት ማዳም ነበረች። ወደብ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ፣ ጫማዋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ስትቆጣ በፈረንሳይኛ፣ ስትራራ በሶማሊኛ የምትናገር ሴት ናት። ባሏ ባሕር ማዶ ስለሚሠራ ቤት ውስጥ የነበሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷን አዴር እላቸው ነበር፤ በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው በአክብሮት የሚጠራበት።

አዴር ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በእኛው ድሬዳዋ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ፉርጎ ሲቀጠቅጡ ነው። ስለዚህ አማርኛ ያውቃሉ። እንደ ድሬ ሰው ረጋ ብለው ሳይሆን እንደሚቀጠቅጡ ነበር የሚናገሩት። እኔንም ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የድሬ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። ጥርስ ስላልነበራቸው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከአገራችን ሲገባና ከተማው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ሲሮጥ፣ እኔ ትንሿን ሙቀጫ ይዤ የእሳቸውን ድርሻ እወቅጥላቸዋለሁ። የድሬ ሰዎች ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር። እሳቸው ግን «እጅሽ የባቡር እጅ ነው» ብለው ያመሰግኑኛል።

አዴር በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የሚሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ቤቱ የልጃቸው፣ መኪናው የልጃቸው፣ የሚበሉትም የልጃቸው ነው። የእሳቸው የነበረችው ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ የአልሙኒየም ጀልባ ናት። ጡረታ ሲወጡ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ የገዟት ነበረች። ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ ላይ ጭነው፣ ጎረቤት ገፍቶላቸው፣ ከባሕሩ ዳር ያደርሷታል። በጠዋት ወጥተው ጥቂት አሳ ይዘው ይመለሳሉ። አሳው ሁላችንን የሚያጠግብ አልነበረም። እሳቸው ግን በዚያች ጠዋት አንገታቸው ቀና ይል ነበር። ምሳ ላይ የሚያዝዙትም፣ «ሎሚ ጨምሪ» የሚሉትም በዚያ ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አባቴ ቀፊራ ገበያ ዳር የተበሳ ድስትና ባልዲ የሚጠግን ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ የሴት ሙያዋ ወጧ ላይ ሳይሆን ድስቷ ቂጥ ላይ ነው የሚታየው የምትል ሴት ናት። በእኛ ቤት ጥቀርሻ ያለበት ድስት ለእንግዳ አይታይም፤ በአሸዋ፣ በአመድ፣ በሽቦ ተፈትጎ ፊትሽን ካላሳየሽ አልታጠበም። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግኩት። ሥራ በገባሁ በወሩ አዴር ወባ ይዟቸው ተኙ። እኔም አሳዘኑኝና፣ ሲነሱ ደስ እንዲላቸው ብዬ ጀልባቸውን ላጥብ ወጣሁ።

ውስጧን ሳይ ደነገጥኩ። በየመገጣጠሚያው፣ በየምስማሩ ራስ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተለጥፎባታል። እነዚህ ወንዶች እንዴት ያለ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚቀመጡት ብዬ ቢላ፣ ሽቦና አመድ አመጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ፋቅኋት። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ጣቶቼ እስኪላጡ። ስጨርስ ጀልባዋ ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይን ትወጋ ነበር። አዴር ተሽሏቸው ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ «ማሻአላህ» አሉ። እኔ የተደነቁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወጡና ሌሎች አሳ አጥማጆች ጎትተው መለሷቸው። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሞልቶ ነበር። ሱሪያቸው ከእግራቸው ጋር ተጣብቆ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ማጥመጃ ክራቸውን እንኳ ሳይዙ ነው የተመለሱት። ማዳም ከቢሮ ሮጣ መጣች። ያን ቀን በፈረንሳይኛም በሶማሊኛም ነበር የጮኸችው። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የተናገረችው ነው የከበደው፦ «ረመዳን እስኪገባ ካልተሠራች ጀልባዋ ትሸጣለች፤ የአባቴን ሬሳ ባሕር እስኪያመጣልኝ ቆሜ አልጠብቅም።» ልጅ ናትና አልፈረድኩባትም። አዴር ግን ከኒሙ ሥር ሄደው ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጫታቸውንም ሳይጠይቁኝ ቀሩ። ሙቀጫውን ይዤ ማድቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያ ጥቁር ነገር ቆሻሻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ውኃ እንዳይገባ የተቀባ ማጣበቂያ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ከሥራ የወጣች ልጅ ወደ ድሬ የምትመለሰው በምን ፊት ነው?

አዴር ቀዳዳዎቹን መፈለግ ጀመሩ። አፈላለጋቸው እንዲህ ነበር፦ ጀልባዋን ባሕሩ ዳር አንሳፍፈው ውስጧ ተንበርክከው ውኃው ከየት እንደሚገባ ያያሉ። ግን ውኃ አንዴ ከገባ በወለሉ ላይ ይሰራጫል፣ ከዚህ ነው ከዚያ ነው ማለት አይቻልም። እዚህ ሲቀቡ እዚያ ይገባል። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለቀ። ካርቲየ ሰባት ከሚባለው ሰፈር ሱቅ የሚያመጡት ማጣበቂያ ያልቃል፣ እሳቸውም አብረው ያልቃሉ። አንድ ቀን ከሰዓት ሻይ ላደርስላቸው ስሄድ ተንበርክከው፣ መነጽራቸው ላይ ላብ ሲንጠባጠብ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። አባቴ ድስት ሲጠግን ውኃው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ አይደለም የሚያየው፣ ውስጡን ውኃ ሞልቶ ውጩን አድርቆ ከሥር ነው የሚያየው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የባቡር ሰው ሳቃቸውን ሳቁ።

«ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ብረት ቀጥቅጬ ድስት ሳልማር ቀረሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ከጎረቤት ጎረምሶች ጋር ሆነን ጀልባዋን ብሎኬት ደራርበን ላዩ ላይ አስቀመጥናት። ውኃው በጎማ ተለቀቀ። ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዳንሞላ አዴር ተቆጡ፤ ውኃው ሲከብድ ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል። መካከል ላይ የማዳም መኪና በር ላይ ቆመ። ጅቡቲ ውስጥ ያን ያህል ውኃ ማፍሰስ ወንጀል ነው፣ ቧንቧው አንዳንዴ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ሮጬ የአልጋ ልብሶቹን በሙሉ አምጥቼ ጀልባዋ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ማዳም መጥታ አየችና በዚህ ቤት ማን እንዳበደ ጠይቃ ገባች። አዴር ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ እኔ ከሥሯ ገባሁ። ሽፋሽፍቴ ላይ አቧራ፣ ጀርባዬ ሥር ትኩስ አሸዋ፣ ከላዬ ደግሞ ብር የመሰለ ሰማይ። አውሮፕላን ወደ አምቡሊ ማረፊያው ሲወርድ ቆርቆሮው ከላዬ ይንቀጠቀጣል። እየጠበቅሁ ዝም ብዬ ሳይ፣ አንዲት ጠብታ ከአንድ ምስማር ራስ ሥር አበጠች፣ ተንጠለጠለች፣ ግንባሬ ላይ ወደቀች። «አገኘሁ» አልኩ። ምልክት ለማድረግ ጠመኔ ሞከርን፣ ውኃው አጠበው። እርሳስም አልጻፈ። በመጨረሻ ማዳም የጣለችው የቀይ ጥፍር ቀለም ጠርሙስ ትዝ አለኝ፤ እኔ አንስቼ ደብቄው ነበር፣ ለሠርግ ቀን እያልኩ። እያንዳንዷን ቦታ በጨርቅ አድርቄ በቀይ ከበብኳት። ሃያ ሦስት ቀይ ክብ። ለሠርግ ምንም አልተረፈኝም።

የአዴር ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምስማር ስል ሪቬት የሚሉትን ነው፤ ሁለት ቆርቆሮ አጣብቆ የሚይዝ፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ የተጠፈጠፈ። ሲላላ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል፣ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውጭ የሪቬቱ ራስ ላይ ከባድ ብረት ይደግፋል፣ ሌላው ከውስጥ በመዶሻ ይመታል። ደጋፊ ከሌለ መዶሻው ያላላዋል እንጂ አያጠብቀውም። አዴር ከአሮጌ ሐዲድ የተቆረጠ፣ መዳፍ የሚሞላ ብረት ነበራቸው። እሱን አስያዙኝ። ያ ብረት ዛሬም የሳሎኔን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የሚይዝልኝ ነው። ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል።

እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከሥር፤ አንተያይም። መዶሻው ሲያርፍ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። አንዷ ክብ ባለቀች ቁጥር እሳቸው ወርደው ቀዩን ቀለም በቢላ ይፍቁታል፣ ያለቀች መሆኗን እንድናውቅ። ስድስተኛዋ ወይም ሰባተኛዋ ላይ ስንደርስ፣ ፊታቸውን ስለማላይ ይሆናል፣ አፌ ራሱ ተናገረ።

«አዴር፣ ያንን ጥቁር ነገር ፍቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

መዶሻው ቆመ። የኒሙ ቅጠል ሲንሿሿ ሰማሁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ድምፁን እሰማ ነበር። ሁለት ቀን ክርር፣ ክርር። ምን የሚያክል ድስት ነው ይሄ እል ነበር። ምን እንደምትፍቂ የገባኝ ውኃው ሲገባ ነው።»

«ታዲያ ለምን ለማዳም አልነገሩብኝም?»

«ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ሲደክምልኝ እኔ ምን ብዬ እከሳለሁ? በይ ያዢ። አጥብቀሽ ያዢ።»

ያዝኩ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየወረደ ያዝኩ። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ይቅር ብሎኛል፣ እኔም ብዙ ሰው ይቅር ብያለሁ፤ እንደዚያ ሥራ ሳያቋርጥ ይቅር ያለኝ ግን የለም።

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንዲት ክብ ብቻ ቀረች፣ ከመካከለኛው መቀመጫ በታች። የዚያን ቀን ማዳም እንግዳ ስለነበረባት ከማድቤት መውጣት አልቻልኩም። አመሻሹ ላይ አዴር እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ ማድቤት በር ላይ መጡ። «ኸላስ» አሉኝ፣ «የቀረችውን እኔ ጨርሻታለሁ።» ደስ ብሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ለሙከራ የተቀጠረው ቀን አርብ ነበር። አርብ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ነው፣ ለእኔ ግን ከሳምንቱ ሁሉ የከፋው። የማዳም ዘመዶች ለምሳ ይመጣሉ፤ እኔም ከንጋት ጀምሮ በእግሬ ቆሜ እውላለሁ። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ አንድም አርብ አርፌ አላውቅም። ማዳም ባሕሩ ዳር ድረስ መጣችና ቃሏን ደገመች፦ ጀልባዋ ውኃ ይዛ ከተመለሰች ገዢው በማግስቱ ይመጣል። አዴር እሺ አሉ። «ግን እኔን አታምኚኝም፣ ስለዚህ የድሬ ልጅ ምስክር ሆና አብራኝ ትውጣ» አሏት። ማዳም ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ተነፈሰችና ፈቀደች።

ወራት ሙሉ ባሕር አጠገብ ኖሬ ያን ቀን ነው ባሕር ላይ የወጣሁት። በመጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስከፍተው ከተማው ትንሽ ሆኗል፤ ነጫጮቹ ቤቶች፣ የወደቡ ክሬኖች፣ ስንት ጊዜ የጠረግሁት የማዳም ሰገነት እንኳ የጥፍር ያህል ሆኖ ይታየኛል። የቤንዚንና የጨው ሽታ፣ ፊቴ ላይ እርጥብ ንፋስ። አዴር ሞተሩን አጥፍተው ክራቸውን ጣሉ። ከዚያ ተረከዜ ቀዘቀዘኝ።

ዝቅ ብዬ ከመቀመጫው ሥር አየሁ። ጠብ። ቆይታ ጠብ። አንዷ አልያዘችም። ጀልባዋ ልትሸጥ ነው፣ በእኔ ሽቦ፣ በእኔ አመድ። አዴርን አየኋቸው፤ ዓይናቸው ክሩ ላይ ነው፣ ያላዩ ይመስላሉ። አልነግራቸውም አልኩ። ጀልባዋ ውስጥ ባዶ የወተት ጣሳ ነበረች፣ እሷን አንስቼ ቀስ ብዬ እየቀዳሁ ወደ ባሕር ደፋሁ። ወደ ዳር ስንጠጋ ደግሞ ሻሼን ከራሴ ፈትቼ ወለሉን ወለወልኩት። ማዳም ጎንበስ ብላ እጇን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈች። ደረቅ ነበር። እርጥቡን ሻሽ ብብቴ ሥር ይዤ ውኃው በጎኔ ሲወርድ ቆሜያለሁ።

«ሁለት ሰው ስንሆን ደረቅ ናት» አሏት አዴር፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገሙት። «ብቻዬን ብሆን ግን እኔ አላውቅም።»

ማዳም አርብ አርብ ጠዋት እኔን ይዘው እንዲወጡ፣ ለምሳ ግን እንድደርስላት ተናገረች።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አርብ አርብ ባሕር ላይ ነበርኩ። በሳምንት ውስጥ ማንም የማይጠራኝ ሰዓት ያ ብቻ ነበር። አዴር መንጠቆ ማሰር አስተማሩኝ፣ ስለ ድሬ ወጣትነታቸው አወሩኝ፣ አንዳንዴም ሞተሩን አጥፍተው «ተኚ» ይሉኛል፤ ጀልባዋ እያወዛወዘችኝ እተኛለሁ። ከመመለሳችን በፊት ጣሳዬን አነሳለሁ። ሁልጊዜ አንድ ጣሳ ነው፣ አይበልጥም አያንስም። «ውኃ አለ?» ይሉኛል። «ኧረ ጠብታ የለም» እላለሁ። እሳቸውም ወደ አድማሱ ዞረው ጺማቸውን ይዳብሳሉ። ዋሽቼ የማስደስታቸው ይመስለኝ ነበር።

አዴር በሦስተኛው በጋ፣ ያ ትኩስ አሸዋ የሚያመጣ ንፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ማዳም ጀልባዋን ባየች ቁጥር ስለምታለቅስ ለመሸጥ ወሰነች። ገዢው ወጣት አሳ አጥማጅ ነበር። የጀልባዋን ሆድ ልይ አለና ሦስታችን ከኒሙ ሥር ገለበጥናት።

ከመካከለኛው መቀመጫ ትይዩ ቀይ ነገር ነበር። ግማሹ ተልጦ ግማሹ የቀረ ክብ። መሐሉ ላይ ያለችው ሪቬት መዶሻ አልነካትም፣ ማጣበቂያ አልተቀባችም፤ እኔ ምልክት ያደረግኩባት ዕለት እንደነበረች ናት። ቢላም አልፋቃትም።

ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ሪቬት ለብቻ አይመታም። ጀርባዬ እስኪቆስል ከሥር ተኝቼ የተማርኩት ይህንኑ ነበር፤ ታዲያ «እኔ ጨርሻታለሁ» ሲሉኝ እንዴት አልጠየቅኩም? ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን የምቀዳ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያቺን ጠብታ የተዉት ለእኔ አርብ ብለው ነው።

ማዳም ጣቷን ክቡ ላይ አሳለፈችና ይህ የእኔ የጥፍር ቀለም አይደለም ወይ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ የአልጋ ልብሱን፣ ሻሹን፣ ጣሳውን። አፏን በእጇ ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

«አባቴ ሁለት ዓመት አርብ አርብ ብቻዬን ሽንኩርት አስከተፈኝ» አለች።

ገዢው ግራ ተጋብቶ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያይ ነበር። በመጨረሻ ታፈሳለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ማዳም ወደ እኔ ዞረች።

«ታፈሳለች» አልኩት። «በጠዋት አንድ ጣሳ። ብቻህን እንዳትወጣባት።» ጣሳውንም ከተገለበጠችው ጀልባ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት።